ብሮውዘር ላይ ስክሪኑ ሲቆራረጥ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ገጹን ወደ ታች ስታወርዱ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቅ ይላል። ግማሹ ጽሑፍ ይጠፋል። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ይመለሳል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ይጠፋል። ስትጫኑት የሚከፈተው ሜኑ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ትንሽ ቆዩ። እኔም በሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ደርሶብኛል። ለጥገና ምንም ሳልከፍል ነው የተስተካከለው። የሄድኩበትን መንገድ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ አነስ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እንተይባለን፣ እናትማለን፣ ስካን እናደርጋለን። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ግን ፎርም ሊያስሞላ ነው። የዲቪ፣ የፓስፖርት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ምዝገባ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በብሮውዘር ነው። ብሮውዘሩ ከታመመ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የእኔ ችግር የጀመረው ኮምፒውተሩ አፕዴት አድርጎ ከተነሳ በኋላ ነው። አንዲት እናት የልጃቸውን የዲቪ ፎርም ሊያስሞሉ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ሳስገባ ምስሉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ታየ።

«ልጄ፣ ፎቶው ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው።

«አይዞዎት እትዬ፣ ፎቶው ደህና ነው፤ አሁን አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ፋይሉን በፎቶ ማያው ፕሮግራም ከፈትኩት። ምስሉ ንጹሕ ነበር።

ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው አስቀድሜ ልበል። ብሮውዘሩ ላይ የተቆራረጠ ነገር ስላያችሁ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተበላሸው አሳሳሉ ነው። የጻፋችሁት ስም፣ የመረጣችሁት ቀን፣ ያስገባችሁት ፎቶ በቦታቸው አሉ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ገጹን ወደ ፒዲኤፍ አስቀምጡት ወይም አትሙት። ለኅትመት የሚዘጋጀው ገጽ ስክሪን ላይ ከሚታየው በተለየ መንገድ ነው የሚሠራው። የእኔ ኮምፒውተር ስክሪኑ ላይ ፊደል እየቆረጠ ወረቀቱ ላይ ግን አንዲት ነጥብ ሳይጎድል ያትም ነበር። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የጎረቤት ምክር ወዲያው ነው የመጣው። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ሌላው ስክሪኑ ሄዷል አለ። አንድ ጠጋኝ አየት አደረገና «እህቴ፣ የግራፊክስ ቺፑ ነው፤ ተነቅሎ መሞቅ አለበት፤ እስከዚያ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ማንንም መውቀስ አልፈልግም። ግን ፎርማት ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ቺፕ ማሞቅ ደግሞ ካልሆነ ቦርዱን ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። ሁለቱም የመጨረሻ እርምጃ ናቸው። መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይገባል፤ መለየቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ የተበላሸው ስክሪኑ ነው ወይስ ስክሪኑ ላይ የሚሳለው ምስል? መልሱን ለማግኘት ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ በቴሌግራም ወደ ስልካችሁ ላኩት። ስልኩ ላይም ጥቁሩ አራት ማዕዘን ከታየ፣ ስክሪኑም ኬብሉም ንጹሕ ናቸው። ችግሩ ምስሉ በሚሳልበት ቦታ ነው። ስልኩ ላይ ምስሉ ደህና ሆኖ ከመጣ ግን ስክሪኑን፣ ኬብሉን ወይም ማገናኛውን ጠርጥሩ። ስክሪንሾቱን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከፍታችሁ አትፍረዱ፤ የሚያሳያችሁ ያው የታመመው ስክሪን ሊሆን ይችላል። ሰው ፎርም እየሞላ ሳለ ደግሞ የዜና ገጽ ወይም ሌላ የማንም ያልሆነ ገጽ ከፍታችሁ አንሱ። የደንበኛ የግል መረጃ በቴሌግራም መላክ የለበትም።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። የብሮውዘሩን መስኮት ይዛችሁ ወደ ጎን ጎትቱት። ብልሹው ቦታ ከመስኮቱ ጋር ከተንቀሳቀሰ ጉዳዩ የብሮውዘሩ ነው። መስኮቱ ሲሄድ እሱ ስክሪኑ ላይ ባለበት ከቀረ የስክሪኑ ነው። እኔ ላፕቶፑን ከትልቅ ሞኒተር ጋር አገናኝቼ ነው የምሠራው፤ ጥቁሩ ነገር በሁለቱም ላይ እኩል ይታይ ነበር። ስክሪንሾቱም ላይ ወጣ። ስለዚህ ስክሪን የመቀየሩ ወሬ እዚያው አበቃ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ችግሩ የብሮውዘሩ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም ፕሮግራም? ዎርድ ክፈቱ። ፎቶ ክፈቱ። ፎልደሮችን ከፍ ዝቅ አድርጉ። እነሱ ደህና ከሆኑ ሌላ ብሮውዘር ሞክሩ። ኤጅ፣ ኦፔራና ብሬቭ ከክሮም ጋር አንድ ሞተር (ገጹን የሚስለው ዋናው ክፍል) ነው ያላቸው፤ ሁሉም በክሮሚየም ላይ የተሠሩ ናቸው። ኤጅ ወደዚህ ሞተር የተዛወረው በፈረንጆች ጥር 2020 ነው። ስለዚህ «በኤጅም ሞከርኩት፣ ያው ነው» ማለት ብዙ አይነግራችሁም። ፋየርፎክስ ግን የራሱ ሞተር አለው። ለማነጻጸር የሚረዳው እሱ ነው። እኔ ጋ ፋየርፎክስ ደህና ይሠራ ነበር። እንደዚያ ከሆነላችሁ ጥገናውን እስክትጨርሱ ሥራችሁን በእሱ ቀጥሉ። እኔ የእትዬን ፎርም ጨርሼ የላክሁት በፋየርፎክስ ነው።

ቀጥሎ ኤክስቴንሽኖችን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች አየሁ። ገጹን ጥቁር የሚያደርጉ፣ ማስታወቂያ የሚዘጉ፣ ገጽ የሚተረጉሙ ኤክስቴንሽኖች የገጹን መልክ ይነካሉ። ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ስትጫኑ ኢንኮግኒቶ መስኮት ይከፈታል። እናንተ ካልፈቀዳችሁ በቀር ኤክስቴንሽን እዚያ አይሠራም። እዚያ ደህና ከሆነ ኤክስቴንሽኖቹን አጥፍታችሁ አንድ በአንድ አብሩ። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ከኸልፕ ሜኑ ውስጥ ትራብልሹት ሞድ የሚባል አለ፤ ኤክስቴንሽኖችንም ሀርድዌር አክስለሬሽንንም ለጊዜው ያጠፋል። የእኔ በኢንኮግኒቶም ያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሀርድዌር አክስለሬሽን ምን እንደሆነ ስታውቁ የምታዩት ምልክት ሁሉ ትርጉም ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ብሮውዘር አንድን ገጽ እንዳለ በአንድ ጊዜ አይስለውም። ገጹን በአራት ማዕዘን ቁራጮች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ይስልና ኋላ ገጣጥሞ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ይህን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር ሊሠራው ይችላል፤ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ብሮውዘሩ ሥራውን ለግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ያስተላልፋል፤ ጂፒዩ የምንለው እሱ ነው። ሀርድዌር አክስለሬሽን ማለት ይኸው ነው። ዊንዶውስ ላይ ክሮም ትእዛዙን ወደ ዳይሬክት ስሪዲ (ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሞች ጂፒዩውን የሚያዙበት ቋንቋ) የሚቀይርለት አንግል የሚባል ፕሮግራም ይጠቀማል። ትእዛዙን ተቀብሎ ጂፒዩውን የሚያሠራው ደግሞ ድራይቨሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ላይ ስህተት ካለ አንድ ቁራጭ ሳይሳል ይቀራል፣ ወይም የቆየው ምስል ባለበት ይቀራል። ጥቁሩ ነገር ሁልጊዜ አራት ማዕዘን የሚሆነው ለዚህ ነው። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ የሚመለሰውም ያ ቁራጭ እንደገና ስለሚሳል ነው።

ፊደሎቹም እንዲሁ ናቸው። ብሮውዘሩ አንድ ፊደል ከሳለ በኋላ በጂፒዩው ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያ ፊደል ሲደገም አዲስ አይስልም፤ የተቀመጠውን አንስቶ ይለጥፋል። ልክ እንደ ማኅተም ነው። የማኅተሙ ጠርዝ ከተሰበረ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ላይ ስብራቱ ይወጣል። የእኔ ስክሪን ላይ አንድ «መ» ከተቆረጠች በገጹ ላይ ያለችው በዚያ መጠን የተጻፈች «መ» ሁሉ በአንድ ቦታ ተቆርጣ ትታይ ነበር። ኮንትሮልና ፕላስን ተጭኜ ገጹን ሳጎላው ደግሞ ሙሉ ሆና ትመለሳለች፤ በአዲስ መጠን አዲስ ስለምትሳል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ የፎንት ችግር ነው ብላችሁ ፎንት ስትጭኑ አትዋሉ።

ስለ ፎንት ካነሳሁ አይቀር፣ አማርኛ የምናነብ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናምታታው ሦስት የተለያየ ችግር አለ። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከታየ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኢብሪማ የሚባለውን ፎንት ይዘው ይመጣሉ። ኒያላ ደግሞ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ በኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ ስም ይጨመራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነፃ ይገኛል። በአማርኛ ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየ ጽሑፉ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት) የገባው በ1999 ዓ.ም. በፈረንጆች ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሰነድ በእነዚያ ተጽፏል። መፍትሔው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ግራፊክስ የምንለው ሦስተኛው ነው፤ ፊደሉ ትክክለኛው ፊደል ሆኖ ሲቆረጥ፣ ሲደራረብ፣ ሲጠፋና ሲመለስ።

ወደ ጥገናው ልመለስ። ክሮም ላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም ግቡ። ዩዝ ግራፊክስ አክስለሬሽን ዌን አቬይለብል የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አጥፉትና ሪሎንች በሉ። ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሪኮመንድድ ምልክቱን ታነሳላችሁ፤ ከዚያ የሀርድዌር አክስለሬሽኑ ምልክት ይወጣል፤ እሱንም ታነሳላችሁ።

እኔ ሳጠፋው ሁሉም ነገር ወዲያው ጸዳ። ጥቁሩ ጠፋ፣ ፊደሎቹ ሙሉ ሆኑ፣ ሜኑው ተከፈተ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አጥፍቶ ዝም ይላል። ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል፣ አልቃወምም። ግን ዋጋ አለው። የጂፒዩው ሥራ ሁሉ ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ይመለሳል። ቪዲዮ ስትከፍቱ ፋኑ መጮህ ይጀምራል። መብራት ሄዶ በባትሪ የምትሠሩ ከሆነ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የጎግል ካርታና የዲዛይን ገጾች ይንቀራፈፋሉ። ስለዚህ ማጥፋቱን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምርመራ ውሰዱት። ስታጠፉት ከጸዳ ችግሩ በብሮውዘሩ፣ በድራይቨሩና በጂፒዩው መሀል ነው ማለት ነው። ስታጠፉትም ካልጸዳ ገጹን ራሱን፣ ኤክስቴንሽኑን፣ ወይም ሌላ ነገር ተመልከቱ።

ቀጥዬ የክሮምን የራሱን ሪፖርት ከፈትኩ። አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል ክሮም፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ጂፒዩ ብላችሁ ጻፉ። ረጅም ገጽ ይመጣል፤ አትፍሩት። ከላይ ያለውን ዝርዝር ብቻ እዩ። የትኛው ሥራ በሀርድዌር እንደሚሠራ፣ የትኛው በሶፍትዌር ብቻ እንደሆነ ይነግራችኋል። ዝቅ ስትሉ የጂፒዩውን ስም፣ የድራይቨሩን ቁጥርና የታወቁ ችግሮችን ታገኛላችሁ። ክሮም ችግር ያለባቸውን ድራይቨሮች የያዘ ዝርዝር አለው፤ የእናንተ እዚያ ውስጥ ካለ አንዳንዱን ሥራ ራሱ ይዘጋዋል። ፋየርፎክስ ላይ ተመሳሳዩ ገጽ አባውት፣ ኮለን፣ ሰፖርት በሚለው አድራሻ ይገኛል፤ ግራፊክስ የሚለውን ክፍል ፈልጉ።

እዚያ ላይ የድራይቨሬን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቼ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር ካርዱን በቀኝ ተጭኜ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር የሚለውን ከፈትኩ። የድራይቨሩ ቁጥር ከአፕዴቱ በፊት ከነበረው የተለየ ነበር፤ የድሮው ቁጥር ላፕቶፑን ስገዛ ባነሳሁት ፎቶ ላይ ነበረኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሁልጊዜ ይህን አድርጉ፤ ዲቫይስ ማኔጀሩንና የሞዴሉን ጽሑፍ በስልክ አንሱና አስቀምጡ።

እዚያው ሮል ባክ ድራይቨር የሚል ቁልፍ አለ። የሚሠራ ከሆነ እሱን ተጫኑ፤ ወደ ድሮው ይመልሳችኋል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። የእኔ ግን ደብዝዞ ነበር፤ የድሮው ድራይቨር አልተቀመጠም። ስለዚህ የላፕቶፑን አምራች ድረ ገጽ ከፍቼ ከሥሩ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አስገባሁና የግራፊክስ ድራይቨሩን አወረድኩ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ነው ያወረድኩት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ድራይቨር በሁለት ቦታ ብቻ ይወርዳል፤ ከኮምፒውተሩ አምራች ወይም ከጂፒዩው አምራች ገጽ። ጎግል ላይ ስትፈልጉ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናድስላችሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች ከላይ ይመጣሉ። አትንኳቸው። ከድራይቨሩ ጋር ማስታወቂያና ሌላ የማታውቁት ነገር ይዘው ይገባሉ። ሰው ተቸግሮ ወደኔ ሱቅ ከሚያመጣቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ እነሱን ነው የማገኘው፤ ልቤን ያቃጥለኛል።

አዲሱን ከመጫኔ በፊት ያለውን ጨርሼ አጠፋሁ። ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) አስነሥታችሁ ነው የምታሠሩት። ከዚያ በፊት ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ አለዚያ ዊንዶውሱ ሲነሳ ያንኑ የተበላሸውን ድራይቨር አውርዶ ሊጭነው ይችላል። ድራይቨሩ ሲጠፋ ስክሪኑ ይገዝፋል፣ ጽሑፉ ደብዘዝ ይላል። አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ በመሠረታዊው ድራይቨር እየሠራ ስለሆነ ነው። ከዚያ ያወረዳችሁትን ጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ። ኢንተርኔቱን አገናኙ። ክሮም ላይ አክስለሬሽኑን መልሳችሁ አብሩ።

እኔ ጋ ተስተካክሎ ቀረ። ቺፑ አልሞቀም፣ ፎርማትም አልተደረገም።

ለአሮጌ ላፕቶፕ ሌላ ድራይቨር የማይገኝበት ጊዜ አለ። ለእሱም መውጫ አለ። ክሮም፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ፍላግስ በሚለው አድራሻ ግቡና አንግል ብላችሁ ፈልጉ። ቹዝ አንግል ግራፊክስ ባክኤንድ የሚል ይመጣል። ዲፎልት ከሚለው ወደ ኦፕን ጂኤል ወይም ዝርዝሩ ውስጥ ወዳለው ሌላ ቀይሩና ሪሎንች በሉ። ብሮውዘሩ ከጂፒዩው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ስለሚቀየር የተበላሸውን መንገድ አልፎ ሊሄድ ይችላል። አንድ ተማሪ ከስድስት ኪሎ ያመጣው ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ዳነ። ከባሰበት ሪሴት ኦል የሚለውን ተጫኑ። እዚያ ገጽ ላይ ሌላውን ነገር አትነካኩ።

ፎርም መሀል ላይ ሆናችሁ ስክሪኑ ቢበላሽባችሁስ? የዲቪ ፎርም የጊዜ ገደብ አለው፤ ድራይቨር የምትቀይሩበት ሰዓት አይደለም። ሁለት ነገር ሞክሩ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የቢ (B) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ዊንዶውስ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና አስነሣው ማለት ነው። የተከፈተ ፕሮግራም አይዘጋም። ካልሆነ ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫኑ። የክሮም የራሱ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ጂፒዩ ፕሮሰስ የሚለውን መርጣችሁ እሱን የሚዘጋውን ቁልፍ ተጫኑ። ክሮም ሥዕሉን የሚሠራው በተለየ ፕሮሰስ ስለሆነ እሱ ብቻ ተዘግቶ ወዲያው ይነሳል፤ ታቦቻችሁ ይቆያሉ። ሁለቱም ማስታገሻ ናቸው፤ ሥሩን አይነቅሉትም።

ቪዲዮ ብቻ የሚበላሽባቸው ሰዎችም አሉ። ገጹ ደህና ሆኖ ዩቲዩቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወይም ድምፁ ይሄድና ምስሉ ይቆማል። ይህ ቪዲዮ የሚፈታው የጂፒዩ ክፍል ጉዳይ ነው። እኛ አገር ላፕቶፕ ስንገዛ «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» የምንለው እዚህ ላይ በደንብ ይጠቅማል። ዩቲዩብ ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 በሚባሉ ዓይነቶች ቪዲዮ ይልካል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቪፒ 9ን በሀርድዌር ሙሉ በሙሉ መፍታት የጀመሩት ከ7ኛው ጄኔሬሽን ነው፤ ኤቪ 1ን ደግሞ ከ11ኛው። 4ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ያለው ሰው ቪዲዮው ቢንቀራፈፍበት ካርዱ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ አድርጉት፤ ዳታም ይቆጥብላችኋል። ወይም ዩቲዩብ የቆየውን ኤች 264 እንዲልክ የሚያደርግ ኤክስቴንሽን ጫኑ። ዳታም ይቆጥብላችኋል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ድካማችሁን ቀንሱ። ክሮም ለዊንዶውስ 7 እና 8 የሠራው የመጨረሻው ቁጥር 109 ነው፤ 110 በፈረንጆች የካቲት 2023 ሲወጣ አልፏቸዋል። ፋየርፎክስም እዚያ ላይ በ115 ቆሟል። አዳዲስ ገጾች ቢዘበራረቁባችሁ ጂፒዩውን አትጠርጥሩ። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 በፈረንጆች አብቅቷል።

እስካሁን ያልኩት ችግሩ በብሮውዘር ብቻ ሲታይ ነው። ዎርድም፣ ዴስክቶፑም፣ ገና ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታየው የባዮስ ጽሑፍም ከተበላሸ ነገሩ ሌላ ነው። ባዮስ ላይ ዊንዶውስም ድራይቨርም ገና አልገቡም። ስለዚህ ሀርድዌር ነው። ያኔም ቢሆን ቺፑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ራሙን እዩ። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ጂፒዩው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም ይካፈላል። ራሙ በደንብ ካልተቀመጠ ስክሪኑ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ይወጣል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ራሙን አውጡና የብረቱን ጠርዝ በላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፤ ብናኙን አራግፉና መልሳችሁ አጥብቃችሁ ክተቱ። ከዚያ የዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክን አሠሩ።

ሙቀትንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላ ከተማ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ መንገድና ሕንፃ በሚሠራበት ሰፈር አቧራው ፋን ውስጥ ይጋገራል። ኮምፒውተሩ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን አስጠርጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አልሆነ ካለ ወደ ባለሙያ ሂዱ፤ ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉ። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስክሪንሾቱን፣ የድራይቨሩን ቁጥር፣ አክስለሬሽኑን ስታጠፉ ምን እንደሆነ፣ ፋየርፎክስ ላይ ምን እንደታየ ጽፋችሁ ያዙ። ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው ላይ ማንም ዝም ብሎ «ቦርዱ ነው» አይልም። ላፕቶፑን ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን ገልብጡ። ሰው ዴስክቶፕና ዶክመንቱን ይገለብጥና ብሮውዘሩን ይረሳል። ክሮም ላይ ቡክማርክ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖርት ቡክማርክስ በሉ። ፓስወርዶቹንም ከፓስወርድ ማኔጀር አውጡና ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ያ ፋይል ያልተቆለፈ ስለሆነ ፍላሹ ከእጃችሁ አይውጣ፤ ወደ አዲሱ ብሮውዘር ካስገባችሁ በኋላም ፋይሉን አጥፉት።